አሥር ደቂቃ ደብረ ሲና

ደብረ ሲናን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄድ፣ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ጥምዝምዙን ቁልቁለት ሲወርድ አውቶቡሱ ይቆማል። ረዳቱ «አሥር ደቂቃ!» ይላል። የቸኮለው ወርዶ ሽንት ቤት ይፈልጋል። የቀረው መስኮቱን ይከፍታል። መስኮቱ ሥር እጆች አሉ፤ እጆቹ ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ቆሎ። «የገብስ አለ! ሽምብራ አለ! ሱፍ ያለው አለ!» ብር ይወጣል፣ ቆሎ ይገባል። አንዳንዴ መልስ ሳይሰጥ መኪናው ይነሳና ሻጯ መልሱን ይዛ ከጎኑ ትሮጣለች። አለቀ። ተሳፋሪው ቆሎውን እየቆረጠመ አርማንያ ይደርሳል።

እኔም የማውቃት እንደዚያው ነበር። ደሴ ስማር ሦስት ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ። ሁሉም ቢደመር ደብረ ሲና ላይ የቆምኩበት ጊዜ ሁለት ሰዓት የሚሞላ አይመስለኝም። ስለ ከተማዋ የማውቀው ሦስት ነገር ነበር። ብርድ ነው፣ ጉም ነው፣ ቆሎ አለ። ስመረቅ ምደባዬ እዚያው ሆነ። መስከረም 2007፣ የጂኦግራፊ መምህርት። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲህ ቆሎ አይቸግርሽ» አለችኝ።

አንድ ዓመት ሠርቼ በዝውውር ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። የመጀመሪያውን ወር ልብሴን ከሻንጣ እያወጣሁ፣ አጥቤ መልሼ ሻንጣ ውስጥ እከት ነበር። ቁም ሳጥን መግዛት መሸነፍ መሰለኝ። ይኸው 11ኛ ዓመቴን ልደፍን ነው። ቁም ሳጥኑንም ገዝቼ፣ ትናንት ሸጥኩት።

ቅዳሜ እሄዳለሁ።

እዚህ ላይ ለማያውቁ አንድ ነገር ልበል። ደብረ ሲና ስል ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ያለችውን ደብረ ሲና ማርያምን ማለቴ አይደለም። ስልኩ ላይ ፈልጎ «ሐይቅ አጠገብ ነው እንዴ የምትኖሪው?» ብሎ የቀናብኝ ጓደኛ አለኝ። የእኔዋ ሐይቅ የላትም። ገደል አላት።

ስለ ጉሙ ሳልናገር ሌላውን መጀመር አልችልም። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የኢትዮጵያን ካርታ እየሣልኩ ነው። ዞር ስል የኋላ ወንበሮች የሉም። ጉሙ በመስኮት ገብቶ ኋላ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ምንም አልመሰላቸውም። አንዱ ከጉሙ ውስጥ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሰሌዳው አይታየንም» አለ። እጁን አየሁት እንጂ ፊቱን አላየሁትም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ካርታውን ትቼ ጉሙን አስተማርኩ። ከተማዋ የተቀመጠችው ደጋው አልቆ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። ከታች፣ ከአፋርና ከአዋሽ በኩል ያለው ሞቃት አየር ገደሉን ተደግፎ ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት መሸከም ያቅተዋል። ያ ነው ጉሙ። ይህንን ለጎረቤቴ ለእማማም አስረዳኋቸው። ቆሎ እየቆሉ በትዕግሥት ሰሙኝና «ቆላው ተነፈሰ አትይም በአጭሩ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነው የምለው። ማስታወሻ ላይ ትርጉሙን አጽፋለሁ፣ በአፌ ግን ቆላው ተነፈሰ ነው።

ብርዱ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ይበርዳል የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም እላለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጣትን ቆፈን ይይዘውና ጠመኔ መጨበጥ ያቅታል። መጀመሪያ ሰሞን በሁለት ብርድ ልብስ ተኝቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ፣ የመንዝ ሰው ነው፣ ከአገሩ ባና አምጥቶ ሸጠልኝ። ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም፣ ጥቁር፣ የሚኮሰኩስ። የመጀመሪያውን ሌሊት በግ አጠገቤ የተኛ መሰለኝ። ሽታው አንድ ክረምት ቆየ። አሁን ያለሱ አልተኛም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምን እንደማደርገው እግዜር ይወቅ።

ወደ ቆሎው ልመለስ። እማማ የተከራየሁበት ግቢ አጥር ጎረቤት ናቸው። ስንት ዓመት ሲቆሉ እንደኖሩ ራሳቸውም አይቆጥሩትም። «ልጆቼን በሙሉ ያሳደገቻቸው ይቺ ናት» ብለው ብረት ምጣዷን በእግራቸው ይነካሉ።

ቆሎ እንደሚመስለው አይደለም። ገብሱ በውሃ ይርሳል። ምጣድ ላይ ይታመሳል። ገና ሞቅ እንዳለ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ገለባው እስኪለቅ ይሸከሸካል። በሰፌድ ይነፈሳል። ከዚያ ነው ዋናው መቁላት የሚመጣው። እማማ የሚያማስሉት ጫፉ ላይ ጨርቅ በተጠቀለለበት እንጨት ነው። ዓይናቸው ሰውን ያያል፣ አፋቸው ያወራል፣ ጆሯቸው ግን ምጣዱ ላይ ነው። ገብሱ መጀመሪያ አሸዋ ይመስል ይንሸራሸራል። ሲደርስ ድምፁ ይቀላል፤ ደረቅ፣ እንደ ዶቃ የሚንኳኳ ይሆናል። በዚያች ደቂቃ ከእሳት ካልወረደ ያራል። ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ ጥሬ፣ አንዴ ከሰል። «አንቺ በዓይንሽ ነው የምትቆዪው» አሉኝ።

ሰነፍ ገብስ የሚባል ዓይነት አለ፤ ገለባው ያለ ብዙ ድካም ይለቃል። ስሙ ለምን እንደዚያ ሆነ ብዬ ስጠይቃቸው «ሰነፍም ይፈትገዋላ!» አሉና በጎን አዩኝ። እኔን መሆኑ ገብቶኛል።

ታዲያ ቆሎ ሊገዛ የሚመጣን ሰው እማማ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት እንደሚፈልግ አይደለም። «ለቤት ነው ለመንገድ?» ነው። የመንገድ ቆሎ በትንንሽ ፌስታል ተሰፍሮ፣ ተቋጥሮ የተዘጋጀ ነው። ይዞ መሮጥ ብቻ። የቤት ቆሎ በጣሳ ይሰፈራል። ጣሳው ሞልቶ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ከላይ ይደረጋል፤ ምርቃት። የመንገድ ቆሎ ምርቃት የለውም። በጥራት ግን አይለያዩም፤ እንዲያውም የመንገዱን ይበልጥ ይጠነቀቁለታል። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። «የቤት ሰው ቅር ቢለው መጥቶ ይናገረኛል። መንገደኛ ግን የት አገኘዋለሁ? ስሜን ይዞ ነው የሚሄደው» አሉ።

በመጣሁ ሰሞን እኔንም «ለቤት ነው ለመንገድ?» ብለው ጠይቀውኛል። ግራ ገባኝ። አጥር ጎረቤታቸው ነኝ፣ ግን ሻንጣዬ አልተፈታም። «ለቤት» አልኩ፣ እያፈርኩ። ጣሳውን አነሱ።

ሥራዬን በተመለከተ፣ ጂኦግራፊ ለሚያስተምር ሰው ደብረ ሲና እንደ ትልቅ ላቦራቶሪ ናት። ለዚያውም ጣሪያ የሌለው ላቦራቶሪ። ለምሳሌ የውሃ ክፍፍል። መጽሐፉ ላይ አንድ መስመር ነው፣ ተማሪ አይገባውም። እኔ ግን ጣርማ በርን በጣታችሁ አሳዩኝ እላለሁ። ከዚያ የጣሪያ ክዳን አስቡ እላለሁ። ከጫፉ በዚያኛው ጎን የወረደው ዝናብ ወደ ጀማ ይሄዳል፣ ጀማ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ሱዳንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በዚህኛው፣ በእኛ ጎን የወረደው ቁልቁል ወደ ሮቢ ወንዝ፣ ከሮቢ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባሕር አያይም።

አንድ ልጅ በጣም ከፋው። «ታዲያ የእኛ ቤት ዝናብ የትም አይደርስም ማለት ነው?» አለ። አፋር ድረስ ሄዶ፣ በረሃ ላይ ሸንኮራና ጥጥ አጠጥቶ፣ ግመል አጠጥቶ ነው የሚያልቀው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ይሁን» አለ። ይሁን ያለበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ትልቅ ሰው ርስቱ ሲከፈል በግድ የተስማማ ነው የሚመስለው።

አንድ ዓመት ደግሞ ተማሪዎች ይዤ ሙቀት ልንለካ ወጣን። ሃይሩፍ ተከራየን። ሁለት ቴርሞሜትር ነበረኝ፤ አንዱ አይሠራም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከዋሻው አፍ ጀመርን። ዋሻው ጣልያን በወረራው ዘመን የሠራው ነው፤ ሕዝቡ እስካሁን የሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። ይኼ ስም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጣርማ በር ዋሻ እንዲሉ ብዙ ለፍቼ ተሸንፌያለሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ይንጠባጠባል፣ የሲኖትራክ ድምፅ ሲመጣ ግድግዳው የሚያገሳ ይመስላል። ልጆቹ ተራ በተራ ስማቸውን እየጠሩ ጮኹ፣ ዋሻውም መለሰላቸው። ከውጭ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ነበር። ጭላዳ ሣር ነው የሚበላው። ከመኪና ብስኩትና ሙዝ የሚወረውሩ ሰዎች ባይኖሩ ደግ ነበር።

ቴርሞሜትሩ 8 ዲግሪ አለ። ከዚያ ቁልቁል ወረድን፤ ደብረ ሲናን አልፈን፣ አርማንያን አልፈን፣ ሸዋ ሮቢት። 1,300 ሜትር ገደማ። ሹራብ እየወለቀ ሄደ። ሮቢት ስንደርስ ማንጎ ዛፍ ሥር 28 ዲግሪ አነበብን። እኔ በደስታ ሰሌዳዬን አወጣሁ። ከፍታ 1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ልዩነቱ 11 ወይም 12 ዲግሪ መሆን አለበት። እኛ ያገኘነው ግን 20 ነው። ሰሌዳው ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ከኋላ ያለች፣ ክፍል ውስጥ ተናግራ የማታውቅ ልጅ «ቲቸር፣ ሰዓቱስ?» አለች። እውነቷን ነው። አንዱን በጠዋት ቆፈን፣ ሌላውን በቀትር ነው የለካነው። ሁለተኛው ቴርሞሜትር የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር። ልጅቷ አሁን መሐንዲስ ሆናለች። እኔ ግን ያን ቀን ማንጎ ገዝቼ ነገሩን አለባበስኩት።

ገበያው ላይም ይኸው ከፍታ ይታያል። ከመዘዞ በኩል ገብስ፣ ባቄላና ድንች በአህያ ይወርዳል። ከታች ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት ይወጣል። ከላይ የመጣው ጋቢ ደርቦ ያልበዋል፣ ከታች የመጣው በነጠላ ሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። ዋጋ ሲከራከሩ አንዱ የሌላውን ልብስ እያየ ይስቃል። የካቲትና መጋቢት ላይ ግን የሚስቅ የለም፤ ሁሉም ሰማይ ነው የሚያየው። የላይኞቹ ገብስ ያለ በልግ ዝናብ አይሆንም። በልግ የቀረ ዓመት ገበያ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚያሳብቀው የእማማ ጣሳ ነው። ጣሳው ያው ነው፤ ምርቃቱ ከእፍኝ ወደ ጣት ይወርዳል።

አሁን ሁሉ መልካም ነበር ብል ከተማዋ ራሷ ትስቅብኛለች። ውሃ ይጠፋል። ጠፍቶ ይሰነብታል። ለዚያውም ገደሉ ሁሉ ምንጭ በሆነበት አገር። ወፍ ዋሻ ጫካ በቅርብ አለ፤ ጥዱና ዝግባው፣ ኮሶውና ወይራው፣ ሥሩ ሁሉ ውሃ የሚያፈልቅ። እኛ ግን ጀሪካን ይዘን ተሰልፈን። ወሬውም ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ቤቴ ሳልደርስ ሦስት ሰው «እንግዳ መጣብሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንግዳው ማን እንደሆነ ደግሞ በማግሥቱ ነገሩኝ። እኔ ያላወቅኩት እጮኛ ነበረኝ።

መሬቱም አይታመንም። ዳገቱ ከባድ ክረምት ሲመጣ ይንሸራተታል። የመጀመሪያው የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ነበር። አከራዬ ቀለም ቀቡትና «አለቀ» አሉኝ። በሚቀጥለው ክረምት ስንጥቁ በቀለሙ ላይ ወጣ፣ ጣቴ ገባ። ከዚያ በኋላ እየተራመድኩ ዛፍና ምሰሶ ማየት ለመድኩ። ዘመም ያለ ምሰሶ ካየሁ እዚያ ሠፈር ቤት አልከራይም። ይኼንን ዕውቀት ዩኒቨርሲቲ ነው የሰጠኝ ብል ደስ ባለኝ፤ የሰጠኝ ግን ያ ግድግዳ ነው።

ኅዳር 2014 ጦርነቱ እዚህ ድረስ መጣ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ብዙዎቻችን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ መብራት አልነበረም። እማማ ግን ምጣዳቸውን ከአመድ ውስጥ አውጥተው፣ በአሸዋ ፈግፍገው፣ ቆልተው አገኘኋቸው። መንገዱ ላይ መኪና የለም። «ለማን ነው የሚቆሉት?» አልኳቸው። «ምጣዷ እንዳትረሳ ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያም ወዲህ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አልጠፋም። አውቶቡስ የማያልፍበት ቀን ከተማዋ ዝም ትላለች፣ የዶሮው ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። እማማ ደጃቸው ተቀምጠው «ዛሬ መንገዱ ጾም ዋለ» ይላሉ።

ባለፈው እሑድ ዕድር ልለቅ ሄድኩ። ይኼ ነገር እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የዕድራችን ዳኛ መዝገቡን ገልጠው ስሜን አገኙት። ጣታቸውን ስሜ ላይ አድርገው ቀና አሉ።

«ዕድር ይለቀቃል እንዴ?»

«አዲስ አበባ ልገባ ነው እኮ ጋሼ።»

«አዲስ አበባ ሞት የለም?»

አለ አልኩ። እናቴ ዕድር እንዳላት፣ እሷ ዘንድ እንደምመዘገብ ነገርኳቸው። አላሳመናቸውም። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ «በቴሌብር ትክፈል» አለ። ዳኛው ወደሱ ዞረው «ቴሌብር ለቅሶ ይደርሳል?» አሉት። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ምክንያቱን እዚያ የነበሩት በሙሉ ያውቁታል።

በ2011 አባቴ ሞተ። ስልኩ ሲደወልልኝ ማታ ነበር። ሌሊቱን እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ገቢና አስቀምጦኝ ወሰደኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዲስ አበባ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። በሩ ላይ ግርግር ተሰማ። አንገቴን ሳቀና ጋቢ ለባሽ ሰዎች ተከታትለው ይገባሉ። አንዱ፣ ሁለቱ፣ አምስቱ፣ ማብቂያ የላቸውም። የዕድሬ ሰዎች ናቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው፣ አውቶቡስ ተከራይተው፣ ያንን ዋሻ በጨለማ አልፈው መጥተዋል። እማማ መሐላቸው አሉ። ከአዲስ አበባ ጋር የተዋወቁት ያን ቀን ነው። ሲያዩኝ አላለቀሱም፤ መጀመሪያ እጄን ይዘው አሻሹት። «በርዶሻል» አሉኝ። ከዚያ ነው ያለቀሱት።

የሠፈራችን ሰዎች በሹክሹክታ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ይሉ ነበር። እናቴ ለአንዷ ስትመልስ ሰማኋት። «የልጄ አገር ሰዎች ናቸው» አለች። የልጄ አገር። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ድንኳን ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዕድሩን አልለቀቅኩም። ዳኛው መዝገቡን ዘጉት፣ «ቀሪ ግን ትቀጫለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለቅሶ በቀረሁ ቁጥር ቅጣት ልከፍል ነው እንግዲህ፣ በቴሌብር።

የምሄደው ለምን እንደሆነ ሁሉም ይጠይቀኛል። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷ ደክሟል፣ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ዝውውሩን ስጠይቅ ሁለት ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሳካ ጸለይኩ። ሁለተኛውን ዓመት፣ ልናገረውና፣ ባይሳካ ብዬ ያሰብኩባቸው ቀኖች ነበሩ። ደብዳቤው ሲመጣ ቢሮ ውስጥ አንብቤው ኪሴ ከተትኩና ክፍል ገባሁ። ስለ ጉም ነበር የማስተምረው።

እቃዬ ብዙ አይደለም። አልጋውን ለባልደረባዬ፣ ምድጃውን ለአንዲት አዲስ መምህርት ሰጠሁ። ገና 22 ዓመቷ ነው። የመጣችው ከአዳማ ነው። ምድጃውን ላደርስላት ቤቷ ስሄድ ሻንጣዋን ጥግ ላይ ተደግፎ ቆሞ አየሁት፤ አልተፈታም። «አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» አለችኝ። ምንም አላልኳትም። ባና የት እንደሚገኝ ብቻ ነገርኳት።

ዛሬ ጠዋት እማማ ዘንድ ሄድኩ። ሐምሌ ነው፣ ጉሙ ገና ከቤት አልወጣም፤ ምጣዱ ሥር ያለው እሳት ብቻ ነው የሚታየው። ማንነቴን ያወቁት በእርምጃዬ ይመስለኛል፣ ቀና አላሉም። እየቆሉ ነበር። ትንሽ ቁጭ አልኩ። ዝናቡን አወራን፣ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ አወራን፣ እናቴ ጉልበቷን ምን እንደምትቀባ ጠየቁኝ። ስለ ቅዳሜ ሁለታችንም አላነሳንም።

«ቆሎ ልወስድ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

እጃቸው እንደለመደው ወደ ጣሳው ሄደ። መሐል ላይ ቆመ።

«ለቤት ነው ለመንገድ?»

11 ዓመት ሙሉ ያልጠየቁኝ ጥያቄ ነው። ምጣዱ ላይ ያለው ድምፅ እየቀለለ ሲሄድ ሰማሁት። እኔም መስማት ጀምሬያለሁ ለካ።

«ለመንገድ» አልኩ።

ጣሳውን ቦታው መለሱት። ፌስታል አወጡ፣ አራግፈው ከፈቱት፣ ሞሉት፣ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ብር ሳወጣ አልተከራከሩም፣ ተቀበሉኝ፣ መልሴንም ቆጥረው ሰጡኝ። ከዚያ ምጣዱን ከእሳት አወረዱና በእፍኛቸው ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ትኩስ ነው፤ ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አገላበጥኩት።

«ይሄ ምርቃቱ ነው» አሉ። «እዚሁ ቁጭ ብለሽ ብዪው።»